መርቻንት ባንክ የሚያበድረው ሳይሆን የሚጋራው ነገር አለ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጎንደር አዘዞ ነው። አባቴ የሰሊጥ ማበጠሪያና አነስተኛ የዘይት መጭመቂያ አለው። ሰሊጥ መግዣ፣ አዲስ ማሽን ማስገቢያና የታሂኒ (የተፈጨ የሰሊጥ ቅቤ) ፋብሪካ መጀመሪያ ሲደመር 40 ሚሊዮን ብር ፈልገን ባንክ ብንሄድ ‹ዋስትናችሁ አይበቃም› ተባልን። በዚህ መሃል አንድ ሰው ለአባቴ ደውሎ ‹መርቻንት ባንክ ነን፣ ያለ ዋስትና እንሰጣለን፣ አስቀድማችሁ ግን የፋይል መክፈቻ 300 ሺህ ብር አስገቡ› አለው። መርቻንት ባንክ የሚባል ነገር የምር አለ? ካለስ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ገንዘብ ይሰጣል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ 300 ሺሁን አታስገቡ። ይህን ካልኩ በኋላ ደዋዩን ለጊዜው እንተወው፤ ጥያቄህ ከእሱ የሚበልጥ ነገር አለበት።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ዛሬ ፒያሳ ላይ ካፌ ያለውን ሰው «መርቻንት» ብትለው የሚመጣለት ደንበኛ በቴሌብር የሚከፍልበት ቁጥር ወይም ባንክ ያስቀመጠለት የፖስ ማሽን ነው። ያ ሌላ ጉዳይ ነው። መርቻንት ባንክ ስሙን ያገኘው ነጋዴ ሆነው ጀምረው ባንክ ሆነው ከተገኙ ሰዎች ነው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1762 የተቋቋመው የባሪንግ ቤተሰብ ድርጅት ጥሩ ምሳሌ ነው። ቤተሰቡ የሱፍ ነጋዴ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ከሱፉ ይልቅ ስማቸው እንደሚሸጥ ገባቸው። ሁለት የማይተዋወቁ ነጋዴዎች በሁለት አገር ተቀምጠው ሲገበያዩ ሻጩ «ዕቃውን ልኬ ብሩን ባጣስ?» ብሎ ይፈራል። ባሪንጎች በገዢው የክፍያ ሰነድ ላይ «ተቀብለናል» ብለው ይፈርሙበታል። ከዚያ በኋላ ያ ወረቀት የገዢው ዕዳ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የባሪንግ ዕዳ ጭምር ይሆናል፤ ሻጩም ቀኑ ሳይደርስ በጥቂት ቅናሽ ወስዶ ይመነዝረዋል። ለፊርማዋ ኮሚሽን ይበላሉ። ዛሬ የሰሊጥ ላኪ ሁሉ የሚያውቀው ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ማረጋገጫ ሰነድ) ከዚያው ወገን ነው፤ ባንክ ስሙን ለነጋዴ የሚያውስበት መንገድ ነው።

እኛ ጎንደሬዎች ይህ ነገር ጨርሶ ባዕድ ሊሆንብን አይገባም። የነገሥታቱን ዕቃና መልእክት ይዞ ህንድና ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ድረስ የዘለቀው አርመናዊው ነጋዴ ኮጃ ሙራድ ለፋሲልም፣ ለልጃቸው ለዮሐንስም፣ ለልጅ ልጃቸው ለኢያሱም አገልግሏል። ንጉሡ ሀብት ያወጣሉ፣ እሱ ባሕር ይሻገራል። ባንክ ብሎ የጠራው ሰው የለም፤ የንግዱ አጥንት ግን አንድ ነው፦ የአንዱ ገንዘብ፣ የሌላው እግር፣ የሁለቱም አደጋ።

ባሪንጎች እ.ኤ.አ. በ1803 አሜሪካ ሉዊዚያናን ከናፖሊዮን በ15 ሚሊዮን ዶላር ስትገዛ ከአምስተርዳሙ ሆፕ የባንክ ቤት ጋር ሆነው ገንዘቡን ያዘጋጁት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ሲንጋፖር የተቀመጠ አንድ ሠራተኛቸው 827 ሚሊዮን ፓውንድ አክስሮባቸው ያ ሁሉ ስም በ1 ፓውንድ ተሸጠ። በስምና በራስ ገንዘብ የሚሠራ ቤት እንዲህ ነው፤ ሲወድቅ የሚከልለው የለም።

እንግዲህ ሥራውን በአጭሩ ላስቀምጠው። መርቻንት ባንክ እንደ ተራው ባንክ ከሕዝብ የቁጠባ ደብተር ገንዘብ አይሰበስብም። የራሱንና የጥቂት ትልልቅ ባለሀብቶችን ገንዘብ ይዞ ድርጅት ውስጥ ድርሻ ገዝቶ ይገባል። አንዳንዴ ደግሞ የራሱን ሳያስገባ ሌላ ባለሀብት ፈልጎ፣ ዋጋ ተምኖ፣ ውሉን አዋውሎ ኮሚሽኑን ይወስዳል። አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ሲመጣለትም «ያልተሸጠውን እኔ እገዛለሁ» ብሎ ይፈርማል።

የመጨረሻዋ ነገር ቀላል እንዳትመስልህ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አንድ መርቻንት ባንክ «የተረፈውን እኔ» ብሎ ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ወደ 27 ቢሊዮን ብር መምዘዝ ይጠበቅበት ነበር። እንዲህ ያለ ፊርማ ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለእናንተ ግን የሚበጀው የመጀመሪያው ነው፤ ድርሻ ገዝቶ መግባት። ከብድር የሚለየው ምን ላይ እንደሆነ ደምቢያ ያለ ገበሬ ካንተም ከእኔም ይልቅ ያውቀዋል። መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሰው ዝናብ ሲቀር አብሮ ጦሙን ያድራል፤ ሲዘንብ ደግሞ ግማሹን ያፍሳል። አበዳሪው ዘነበ አልዘነበ ወሩን ነው የሚቆጥረው።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው። ድርጅታችሁ 20 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። ባለሀብቱ 10 ሚሊዮን ጥሬ ብር አስገባ። አሁን ድርጅቱ 30 ሚሊዮን ሆኗል፣ የእሱ ድርሻ ሲሶ ነው። ሥራው ሰምሮ በአምስት ዓመት 90 ሚሊዮን ቢያወጣ ሲሶው 30 ሚሊዮን ነው፤ 10 አስገብቶ 30 ይዞ ይወጣል። ያንኑ 10 ሚሊዮን ከባንክ በ18 በመቶ ለአምስት ዓመት ብትበደሩት በየወሩ 254 ሺህ ብር ገደማ ትከፍላላችሁ፤ በመጨረሻ ሲደመር ወለዱ 5.2 ሚሊዮን ነው። ሥራው ከሰመረ እንግዲህ ብድሩ እጅግ ይረክሳል። ብዙ ሰው «ያለ ዋስትና» የሚለውን ሲሰማ ነፃ ገንዘብ ይመስለዋል፤ ከሁሉ ውዱ ገንዘብ ያ ነው።

ታዲያ ማን ይፈልገዋል? ሰሊጥ የሚታጨደው ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ጥሬ ብር የሚታየውም ከዚያ እስከ የካቲት ነው። 254 ሺሁ ግን ነሐሴም ይመጣል። የመተማ መንገድ የተዘጋ ሳምንትም ይመጣል። ዋጋ የወደቀ ዓመትም ይመጣል። ድርሻ የገዛ ሰው በእንዲህ ያለው ወር በር አያንኳኳም፤ ቤታችሁንም ሐራጅ አያወጣም። ውዱ ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ትዕግሥት ነው።

መሃከለኛ መንገድም አለ። ገንዘቡ መጀመሪያ እንደ ብድር ይገባል፤ ወለዱ ከባንክ ቀለል ይላል፤ በተወሰነ ቀን ግን ባለገንዘቡ ከፈለገ በዕዳው ፈንታ አክሲዮን ይወስዳል። ወይም ትርፍ ሲከፈል ከእናንተ ቀድሞ የሚወስድ የቅድሚያ አክሲዮን ይገዛል። እንደ አባትህ ላለ ድርጅት እኔ ይህን መሃከለኛውን እመርጣለሁ። ገና ከጅምሩ ሲሶውን ከመስጠት ሁለት ዓመት ተያይቶ መተማመን ይሻላል።

አሁን የሚጎመዝዘውን ልንገርህ። ቤቱን በዋስትና የማይዝ ባለሀብት ሰውየውን ነው የሚይዘው። ቦርድ ላይ ይቀመጣል። ከተወሰነ መጠን በላይ ማሽን መግዛት፣ ዕቃ መሸጥ፣ አዲስ ብድር መውሰድ ያለ እሱ ፊርማ አይሆንም። አባትህ እንደ ሥራ አስኪያጅ ደሞዝ ይቆረጥላቸዋል፤ ከዚያ ውጪ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለአጎት ልጅ ከካዝናው ማውጣት የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መውጫ ይጠይቃል። ዕድሜ ልክ ሊኖር አይመጣም፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ድርሻውን ለእናንተ፣ ለሌላ ባለሀብት ወይም ለገበያ ሸጦ ይሄዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ የባንክ ኩባንያዎች ይህን ሥራ እንዲሠሩ ስትፈቅድ ድርሻውን እንደ ደንቡ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይዙ ገድባለች። ውሉ ውስጥ ስለ መውጫው የሚናገረውን አንቀጽ ሦስቴ አንብቡት። ባለሀብቱ ሲወጣ የእናንተንም ድርሻ አስገድዶ አብሮ መሸጥ ይችል እንደሆነ እዚያ ነው የሚታየው።

ከራሴ አንድ ላጫውትህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጎንደር ነጋዴና አንድ የአዲስ አበባ ባለሀብት ላገናኝ ተነሣሁ። ነጋዴውን ጋሼ ነው የምላቸው። ባለሀብቱ አንድ ወጣት አጥኚ ላከ። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ካለው መጋዘናቸው ገባን። ጋሼ የናሙና መውጊያዋን ብረት ጆንያው ውስጥ ሰክተው መዳፋቸው ላይ ሰሊጥ አፈሰሱ፤ እፍ አሉት፤ አንድም ገለባ አልተነሣም። «ይኸው፣ የጎንደር ነጭ» አሉ። ልጁ ተደነቀ። ምርት ገበያ ላይ የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ በራሱ ስም እንደሚመደብ ያውቅ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብለን ቡና ቀረበና «ባለፈው ዓመት ስንት አተረፉ?» ሲል ጠየቃቸው።

ጋሼ እኔን አዩኝና «የትኛውን ደብተር?» አሉ።

ሁለት ደብተር ነበራቸው። ሰማያዊው ለገቢዎች የሚቀርበው ነው፤ ትርፉ 210 ሺህ ብር ይላል። በፌስታል የተጠቀለለው ሌላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ይላል። ልጁ ሁለቱንም ገልጦ አየና በትሕትና እንዲህ አላቸው፦ «እኔ ዋጋ መስጠት የምችለው ለተፈረመው ነው። ሁለተኛውን ካመንኩ ደግሞ ያልተከፈለውን ግብር አብሬ መግዛቴ ነው።» በሰማያዊው ደብተር በትርፉ አራት እጥፍ እንኳ ቢተመን ያ ሁሉ መጋዘንና ያ ሁሉ ስም 840 ሺህ ብር ነው። ጋሼ ሳቁ። «ልጄ፣ ለመንግሥት ያልነገርኩትን ለሲሶ ተካፋይ ልንገር?» አሉት። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ነገሩ አለቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰው ከአዲስ አበባ አውሮፕላን አሳፍሬ ከማምጣቴ በፊት ፌስታሉን ፈትቼ ማየት ነበረብኝ።

ስለዚህ «ለእኛ ዓይነቱ ሰው ይሰጣል ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ እኔም መልሼ የምጠይቅህ የጋሼን ጥያቄ ነው። ዋስትና ማጣት መርቻንት ባንክን አያስፈራውም። የተደበቀ ደብተር ግን ያስፈራዋል።

ሌላው እንቅፋት የንግድ ፈቃዱ ነው። አባትህ በግል ስማቸው የሚነግዱ ከሆነ የሚሸጥ ድርሻ ከነጭራሹ የለም። ሰውየውና ሱቁ አንድ ናቸው፤ የሰው ሲሶ አይገዛም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር መመሥረት የግድ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል፤ ከዚያ ባለሀብቱ ሁለተኛ አባል ሆኖ ይገባል። ማሽኑ፣ መጋዘኑ፣ የመሬት ይዞታው በማኅበሩ ስም መዞር አለበት። ወንድምና እህት ካሉህ ደግሞ ይህን ዛሬ መነጋገር ይሻላችኋል፤ ባለሀብት ከገባ በኋላ የሚነሣ የውርስ ክርክር ለማንም አይመችም።

አገራችን ውስጥ ይህ ሥራ የት አለ? በ1967 ዓ.ም. ባንኮች ሲወረሱ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ የነበረው ትንሽ የአክሲዮን ግብይትም አብሮ ቆመ። እንደገና የተነሣው በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ የአክሲዮን ገበያው ጥር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። ፈቃድ ካገኙት ኢንቨስትመንት ባንኮች መካከል ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል ይገኛሉ። «መርቻንት ባንክ» የሚል ስም ሳይሆን «ኢንቨስትመንት ባንክ» የሚል ነው የምትሰማው፤ ሥራቸው ግን በአብዛኛው ድርጅትን ከባለሀብት ማገናኘትና አክሲዮን ለሕዝብ እንዲቀርብ ማዘጋጀት ነው። ድርሻ ገዝተው የሚገቡት የግል የኢንቨስትመንት ፈንዶች ናቸው።

ጎንደር ይህን በዓይኗ አይታዋለች። ዳሸን ቢራ እዚሁ ተጠምቆ ሲሸጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ዱየት የተባለው የለንደን ኩባንያ ቫሳሪ ከተባለ ሌላ ኩባንያ ጋር ሆኖ በ90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ድርሻ ገዝቶ ገባ። ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለተኛው ፋብሪካ ተሠራ። ከተማችን ቢራውን እየጠጣች ያላስተዋለችው ነገር፣ አንተ ስለ ስሙ የጠየቅከኝ ሥራ ያ መሆኑን ነው። መጠኑ ግን ይታይህ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ለ10 ሚሊዮን ብር ከለንደን አይነሡም፤ ለማጥናት የሚያወጡት ወጪ ራሱ ይበልጣል።

ወደ 40 ሚሊዮኑ እንመለስ። እኔ የታየኝ ትልቁ ስሕተት ሦስት የተለያየ ፍላጎት በአንድ ጆንያ መታሰሩ ነው። የሰሊጥ መግዣው ከኅዳር ገብቶ በየካቲት የሚመለስ ገንዘብ ነው። ለእሱ ድርሻ መሸጥ እብደት ነው፤ ሦስት ወር ለሚቆይ ገንዘብ ዕድሜ ልክ ሲሶ መስጠት ማለት ነው። በአዋጅ 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ያበጠራችሁትም ሰሊጥ ሆነ ማሽኑ፣ በዋስትና ሊመዘገብ ይችላል። የምርት ገበያ የመጋዘን ደረሰኝም አለ። ባንኩ «ቤት የለህም» ቢል በዚህ በኩል ደግማችሁ ጠይቁት። ሌላ ባንክም ሂዱ፤ አንዳንዴ የሚጠበው የእናንተ ዋስትና ሳይሆን የባንኩ ኮታ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ አኑሮ ነበር፤ መጀመሪያ 14 በመቶ፣ በኋላ 18 አድርጎት ቆይቷል። ጣሪያው የነካው ባንክ ምክንያት አያጣም።

ማሽኑ የሊዝ ጉዳይ ነው። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ድርጅት ማሽኑን በራሱ ስም ገዝቶ ያከራያችኋል፤ ከፍላችሁ ስትጨርሱ የእናንተ ይሆናል። ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሆነ ቤት አይጠየቅም። ባሕር ዳር ያለው ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ የተቋቋመው ለዚህ ነው፤ የልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ይህንኑ ይሠራል።

የሚቀረው የታሂኒው ፋብሪካ ነው። አዲስ ምርት፣ አዲስ ገበያ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ትርፍ የማያሳይ ሥራ። ድርሻ መሸጥ የሚገባው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ከ40 ሚሊዮኑ ውስጥ ይህ ስንቱ እንደሆነ አልጻፍክልኝም፤ ግማሽም የሚሞላ አይመስለኝም።

ደዋዩን እንጨርሰው። እውነተኛ አማካሪም ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ግን የሚጠይቀው ሥራው ተዘርዝሮ በተፈረመ ውል፣ በድርጅት ሒሳብ፣ በደረሰኝ ነው፤ ቢሮውም አድራሻ አለው። ደብተራችሁን ሳያይ «ተፈቅዶላችኋል» የሚል የለም። ፈቃዱን ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ጠይቃችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። «ገንዘቡ ከውጭ ነው» ካለ ደግሞ በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ሰው ጋር ሲሻረክ በመርሕ ደረጃ ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር በሕጋዊ መንገድ አስገብቶ ማስመዝገብ እንዳለበት ንገሩትና ምን እንደሚል ስሙ።

አንድ ሌላ ዓይነት ሰውም ሊመጣባችሁ ይችላል። «ሸሪክ እሆናለሁ» ብሎ ይገባና በየወሩ ቁርጥ ያለ «ትርፍ» ይጠይቃል፣ ከሰራችሁም ካልሰራችሁም። ያ ሽርክና አይደለም፤ ስሙን ለውጦ የመጣ አራጣ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሰዎች መካከል በሚደረግ ብድር ወለድ ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ስለሚከለክል ሽርክና የሚለውን ስም ይወዱታል። የእውነት ሸሪክ ትርፉ ከደብተሩ ይወጣል እንጂ ከቀን መቁጠሪያው አይወጣም።

የሚቀጥለውን ብትልክልኝ ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን፦ የንግድ ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ፣ የመጋዘኑ ይዞታ ሊዝ ይሁን ነባር፣ ለገቢዎች የቀረበው የሦስት ዓመት ሒሳብና ታሂኒውን ሊገዛችሁ ቃል የገባ ሰው ካለ ያለበት አገር። ፌስታል ውስጥ ያለ ደብተር ካለም አባትህን አስፈቅደህ ንገረኝ።